ቅርጽን በመስመር መሙላት፦ በኢንክስኬፕ ሃች የሚሠራበት መንገድ፣ ለወረቀትም ለሌዘርም

በቀለም የተሠራ ካርታ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የጦሳ ተራራና ከሥሩ ያለው የደሴ ከተማ በአንድ ግራጫ ከተዋጡ በኋላ፣ ጥግ ላይ ያለው ማብራሪያ ለማንም አይጠቅምም። መስመር ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ከኮፒ ላይ ኮፒ ቢወሰድም መልኩን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በጥቁር ቀለም ለሚባዛ ካርታ፣ የማስተማሪያ ወረቀት ወይም ንድፍ ሁሉ ሃች ከቀለም ቀድሞ ሊታሰብ ይገባዋል። ሃች የምንለው አንድን ቅርጽ በእኩል ርቀት በሚደጋገሙ መስመሮች መሙላትን ነው።

እዚህ የምንጠቀመው ኢንክስኬፕ የሚባለውን የንድፍ መሳያ ፕሮግራም ነው። በነጻ ይወርዳል፣ አቅሙ ደከም ባለ ኮምፒውተርም ይሠራል። ለምሳሌ የሚሆነን ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ የሚያሳይ፣ በኤ4 ወረቀት ላይ የሚያርፍ ካርታ ነው፦ ጦሳ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ የቦርከና ወንዝ፣ ሁለቱ ከተሞች፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ።

መጀመሪያ ሥራው የት እንደሚያርፍ እወቁ

በመስመር የመሙያ መንገዶቹ ብዙ ይምሰሉ እንጂ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው የጥለት ሙሌት ነው። ታይል የሚባል አንድ ተደጋጋሚ ቁራጭ ትሠራላችሁ፤ ፕሮግራሙ እንደ ወለል ሴራሚክ ጎን ለጎን እየደረደረ ቅርጹን ይሸፍነዋል። መስመሮቹ ለዓይን ይታያሉ እንጂ አንድ በአንድ ሊያዙ አይችሉም። በሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ ፓዝ ነው፤ ፓዝ ማለት ፕሮግራሙም ማሽኑም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊከተለው የሚችል የተሳለ መስመር ነው።

ለወረቀት፣ ለፒዲኤፍ፣ ለቲሸርት ማተሚያ ፊልም የጥለት ሙሌት ይበቃል፣ ፈጣንም ነው። ለሌዘር፣ ለስቲከር መቁረጫ ፕሎተርና ለዲኤክስኤፍ (የምህንድስና ንድፍ) ፋይል ግን እውነተኛ መስመር ግድ ነው። መቁረጫ ማሽን የሚከተለው ፓዝን ስለሆነ የጥለት ሙሌትን አያየውም፤ የቅርጹን ዙሪያ ብቻ ቆርጦ ያስረክባችኋል። በዚህ ሥራ ብዙ ቁሳቁስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ስለሚመስሉ ስህተቱ ከመቆረጡ በፊት አይታወቅም።

ጥቁረቱን በስሌት ወስኑ

በዓይን ግምት ከመጀመር ማስላት ይሻላል። የመስመሩን ውፍረት ከአንዱ መስመር መሃል እስከ ቀጣዩ መስመር መሃል ባለው ርቀት አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ከሩቅ የሚታየው ጥቁረት ነው። 0.25 ሚ.ሜ. ውፍረት በ2 ሚ.ሜ. ርቀት 12.5 በመቶ ይሆናል። 0.5 ሚ.ሜ. በ2 ሚ.ሜ. 25 በመቶ፣ 0.5 ሚ.ሜ. በ1 ሚ.ሜ. 50 በመቶ። ሁለት 25 በመቶ ሃቾች ሲጠላለፉ ግን 50 አይሞሉም፤ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታ ሁለት ጊዜ ስለማይቆጠር ወደ 44 በመቶ ገደማ ይሆናሉ።

የውፍረቱ ወለል 0.25 ሚ.ሜ. ይሁን። በ600 ዲፒአይ ፕሪንተር፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ በሚያትም፣ አንዷ ነጥብ 0.042 ሚ.ሜ. ናት። 0.1 ሚ.ሜ. መስመር ማለት ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ዋናው ላይ ቢያምርም ሁለተኛው ኮፒ ላይ ይበጣጠሳል። ሥራው በኤ3 ተሠርቶ ወደ ኤ4 የሚቀነስ ከሆነ መስመሩም ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ 0.25 የነበረው 0.18 ይሆናል። ስለዚህ ከ0.35 ጀምሩ።

ለካርታችን የሚከተለውን እንያዝ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ነገር ስለሆኑ አንድ ዓይነት ሃች፦ 0.5 በ2 ሚ.ሜ.፣ 45 ድግሪ። ተራራውና ቁልቁለቱ 0.25 በ2 ሚ.ሜ.፣ 135 ድግሪ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጥልፍልፍ። ቦርከና ግን በዚህ መጠን ቀጭን ነውና ሃች አያስፈልገውም፤ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ የሚገባበት ቅርጽ ከመሞላት ይልቅ የተበላሸ ይመስላል። ወፈር ባለ አንድ መስመር ሳሉት።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቅርጾች በአንድ ነገር ሳይሆን በሁለት ነገር ይለያዩ፦ በአቅጣጫም በጥቁረትም። ኮፒው ሲደበዝዝ የጥቁረቱ ልዩነት ቢጠፋ አቅጣጫው ይቀራል። በአንድ ወረቀት ከአምስት ዓይነት በላይ ሃች አታብዙ፤ አንባቢው ከማብራሪያው ጋር ማመሳከር ይሰለቸዋል።

ታይሉን መሥራት

ኢንክስኬፕ «ስትራይፕስ» የሚባሉ የተዘጋጁ ባለ መስመር ጥለቶች አሉት፤ ለችኮላ ሥራ ይሆናሉ። መጠኑን በሚሊ ሜትር ለመቆጣጠር ግን የራሳችሁን ሥሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

1. «ሺፍት»፣ «ኮንትሮል»ና «ዲ» ተጭናችሁ የሰነዱን መለኪያ ሚሊ ሜትር አድርጉ።
2. አራት ማዕዘን መሳያውን ያዙ («አር»)። ወርዱ 400፣ ቁመቱ 2 ሚ.ሜ. የሆነ ሳሉ። ሙሌትም ጠርዝም አይኑረው። አይታይም፣ ግን አለ።
3. ሌላ አራት ማዕዘን ወርዱ 400፣ ቁመቱ 0.5 ሚ.ሜ. ሳሉ። ሙሌቱ ጥቁር፣ ጠርዙ ባዶ ይሁን። መስመራችን ይህ ነው።
4. ሁለቱን መርጣችሁ በ«አላይን» ፓነል («ሺፍት»፣ «ኮንትሮል»ና «ኤ») መሃል ለመሃል አስተካክሉ፣ በወርድም በቁመትም።
5. ሁለቱም እንደተመረጡ «ኦብጀክት»፣ ከዚያ «ፓተርን»፣ ከዚያ «ኦብጀክትስ ቱ ፓተርን»። አቋራጩ «አልት»ና «አይ» ነው።
6. የሚሞላውን ቅርጽ ምረጡ፣ «ፊል ኤንድ ስትሮክ»ን ክፈቱ («ሺፍት»፣ «ኮንትሮል»ና «ኤፍ»)፣ የ«ፓተርን»ን ምልክት ተጫኑ፣ ከዝርዝሩ አዲሱን ጥለት ምረጡ።

ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ምክንያታቸው ካልታወቀ በቸልታ የሚዘለሉ ናቸው።

የማይታየው አራት ማዕዘን የታይሉን ወሰን ያበጃል። ኢንክስኬፕ ታይሉን የሚለካው ከተመረጡት ነገሮች ዙሪያ ነው። መስመሩን ብቻ ብትመርጡ የታይሉ ቁመት ከመስመሩ ውፍረት ጋር እኩል ስለሚሆን በመስመርና በመስመር መካከል ክፍተት አይኖርም፤ ቅርጹ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይሞላል።

መስመሩን በጠርዝ ሳይሆን በተሞላ አራት ማዕዘን የሠራነው ልኬቱ እንዳያወላውል ነው። የጠርዝ ውፍረት በቅርጹ ልክ ውስጥ መቆጠሩና አለመቆጠሩ በፕሮግራሙ ምርጫ ላይ ይወሰናል። ጫፉ ክብ የሆነ መስመር ከሆነማ ከታይሉ ወጣ ብሎ ወሰኑን ይገፋል፤ ውጤቱ በየመጋጠሚያው የተቆራረጠ ሃች ነው።

ሦስተኛው፣ ዋነኛው፣ የ400 ሚ.ሜ. ርዝመት ነው። ታይሎች የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ስክሪኑም አንዳንዴ ፒዲኤፉም ፀጉር የመሰለ ነጭ ስንጥቅ ያሳያል። ጠርዙ ፒክስሉን በግማሽ ሲሸፍነው ሁለቱ ግማሾች ተደምረው ሙሉ ጥቁር ስለማይሰጡ ነው። አጭር ታይል፣ ለምሳሌ የ5 ሚ.ሜ.፣ በየ5 ሚ.ሜ. መስመሩን ይሰነጥቀዋል። የኤ4 ወረቀት ሰያፍ ርዝመት 364 ሚ.ሜ. ስለሆነ የ400 ሚ.ሜ. ታይል ከየትኛውም ቅርጽ ይረዝማል፤ መጋጠሚያው በአጋጣሚ ቅርጹ ላይ ቢያርፍም በ«ኦፍሴት» ገፋ ማድረግ ነው። የላይና የታች መጋጠሚያዎች ደግሞ መስመሩ መሃል ላይ በመሆኑ በነጩ ክፍተት ውስጥ ይወድቃሉ፤ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም።

ሰያፍ መስመር ፈልጋችሁ ታይሉ ውስጥ ሰያፍ አትሳሉ። ከጥግ ወደ ጥግ የሚሄድ መስመር ውፍረቱ በሁለቱ ጥግ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ለማሟላት በሌሎቹ ሁለት ጥጎች ቁራጭ ማስገባት ይኖርባችኋል፣ ርቀቱንም በ1.414 እያባዛችሁ ማስላት ይመጣል። አግድሙን ሠርቶ ጥለቱን ማዞር ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ማዞር፣ ማጠላለፍና የሚያስቸግሩ ነገሮች

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 1.3 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ኢንክስኬፕ «ፊል ኤንድ ስትሮክ» ውስጥ ራሱ የጥለቱን መጠን፣ ማዕዘን፣ መነሻና ክፍተት በቁጥር ያስገባል። «ኦሪየንቴሽን» ላይ 45 ወይም 135 ጻፉ፣ አለቀ። በድሮው ስሪት ግን የኖድ መሣሪያውን («ኤን») ስትይዙ ሦስት መያዣዎች ይመጣሉ፦ የመስቀል ምልክቷ ታንቀሳቅሳለች፣ ካሬዋ ታሳድጋለች፣ ክቧ ታዞራለች። ስታዞሩ «ኮንትሮል»ን ከያዛችሁ በ15 ድግሪ በ15 ድግሪ ትሄዳለች። መያዣዎቹ ከቅርጹ ርቀው ሊቀመጡ ስለሚችሉ ካጣችኋቸው ወደ ኋላ አርቃችሁ ተመልከቱ።

ለጥልፍልፍ አዲስ ታይል አያስፈልግም። ቅርጹን በ«ኮንትሮል»ና «ዲ» አባዙት፣ ከላይ ያለውን 135 ድግሪ፣ ከታች ያለውን 45 ድግሪ አድርጉት። የቅርጹ ዙሪያ መስመር በአንዱ ላይ ብቻ ይቅር፤ ሁለቱም ላይ ካለ ጠርዙ በወፍራሙ ይወጣል።

ቅርጹን ስታንቀሳቅሱ ሃቹ ካልተከተለ፣ ወይም ስታሳድጉት መስመሩ አብሮ ካደገ፣ መራጩን መሣሪያ ይዛችሁ ከላይ ባለው አሞሌ በስተቀኝ ያሉትን አራት ትንንሽ ቁልፎች እዩ። አንደኛው የጠርዝ ውፍረት አብሮ ይደግ አይደግ የሚለውን፣ የመጨረሻው ጥለት አብሮ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ የሚለውን ይወስናል። ለካርታ የጥለቱን ቁልፍ አጥፍታችሁ ማሳደግ ይሻላል፤ ኮምቦልቻን ብታሰፉት የኮምቦልቻ ሃች ከደሴው ሃች ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። አለዚያ አንዱ ከተማ ባለ 2፣ ሌላው ባለ 3 ሚ.ሜ. ርቀት ይሆንና አንባቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል።

ሃቹ ከቅርጹ አንድ ጎን በቀጥታ መስመር ተቆርጦ ከታየ ቅርጹ አልተዘጋም። ፕሮግራሙ ክፍቱን መነሻና መድረሻ በቀጥታ አገናኝቶ ነው የሚሞላው። በኖድ መሣሪያው ሁለቱን ጫፍ ኖዶች (የመስመሩን መነሻና መድረሻ ነጥቦች) መርጣችሁ አጋጥሟቸው።

ፊደልና ሃች

ይህ በላቲን ፊደል ከሚሠሩ ትምህርቶች ውስጥ አይገኝም፣ ለኛ ግን ወሳኝ ነው። የግዕዝ ፊደል የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። «ደ» ቀኝ ጎኑ ላይ አንዲት አግድም ጭረት ስትጨመርበት «ዱ» ይሆናል፤ «ሰ»ም «ሱ» ይሆናል። አግድም ሃች በ«ደሴ» ላይ ካለፈ አንባቢው ጭረቱን ከፊደሉ አካል ጋር ይደባልቀዋል፣ በተለይ ጽሑፉ ከ10 ነጥብ ሲያንስ። ስለዚህ ጽሑፍ የሚያርፍበት ቅርጽ 0 ድግሪ ሃች አይሁንለት። በማንኛውም ማዕዘን ቢሆንም ከጽሑፉ ሥር ነጭ ሙሌት ያለው፣ ጠርዝ የሌለው አራት ማዕዘን አስገቡ፤ በየጎኑ 1 ሚ.ሜ. ያህል ይትረፍ። ጽሑፉንና ነጩን ሰሌዳ በ«ኮንትሮል»ና «ጂ» አንድ ላይ እሰሯቸው፣ ስታንቀሳቅሱ እንዳይለያዩ።

በእጅ የተሳለ ለሚመስል ገደል

የሐረጎ ገደልና የጦሳ ፊት እንደ ወለል የተስተካከለ ሃች አያምርባቸውም። «ፓዝ ኢፌክትስ» ውስጥ «ሃችስ ረፍ» የሚባል አለ፤ ቅርጹን ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ አንድ ረጅም መስመር ይሞላዋል፣ ርቀቱንና ጎበጥ ማለቱንም በመያዣዎቹ ትቆጣጠራላችሁ። ወፈር ቀጠን የሚለውን ምርጫ ለወረቀት አብሩት፣ ለብዕር ፕሎተር (በብዕር ለሚስል ማሽን) አጥፉት፤ ካልጠፋ ብዕሩ የአንዱን መስመር ሁለት ጎን ይስላል።

ለሌዘርና ለመቁረጫ፦ እውነተኛ መስመር

እዚህ ላይ አንድ አጉል እምነት እናርም። «ፓተርን ቱ ኦብጀክትስ» የሚለው ትእዛዝ የጥለት ሙሌትን ወደ መስመሮች የሚዘረጋ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሚመልስላችሁ አንዱን ታይል ብቻ ነው። በቅርጽ የሚከልለው «ክሊፕ»ም መስመሩን ከእይታ ይደብቃል እንጂ አይቆርጥም፤ ፓዙ ከቅርጹ ውጭም አለ፣ ሌዘሩም ተከትሎት ይሄዳል።

የሚሞላው ቅርጽ 60 በ80 ሚ.ሜ. ነው እንበል። ሰያፉ 100 ሚ.ሜ. ስለሆነ በማንኛውም ማዕዘን ቢዞር እንዲሸፍነው 120 በ120 ሚ.ሜ. የሆነ የመስመር አልጋ እንሠራለን።

1. 120 ሚ.ሜ. የሆነ አግድም መስመር ሳሉ፣ አባዙት፣ ቅጂውን ልክ 120 ሚ.ሜ. ወደ ታች አውርዱት። ሙሌት አይኑራቸው።
2. ሁለቱን መርጣችሁ «ኤክስቴንሽንስ»፣ «ጀነሬት ፍሮም ፓዝ»፣ «ኢንተርፖሌት»። ርቀቱ 4 ሚ.ሜ. ከሆነ 120 ለ4 ሲካፈል 30 ክፍተት ነው፤ በመካከል የሚያስፈልጉት 29 መስመሮች ናቸው። «ስቴፕስ» ላይ 29፣ «ኤክስፖነንት» ላይ 0 አስገቡ። ጫፎቹን የሚያባዛውን ምርጫ አጥፉ፤ ካልጠፋ መጀመሪያና መጨረሻው መስመር ድርብ ይሆንና ሌዘሩ አንድ ቦታ ሁለቴ ያቃጥላል።
3. የወጣውን ቡድን ፍቱ («ሺፍት»፣ «ኮንትሮል»ና «ጂ»)፣ ሁሉንም መስመር መርጣችሁ በ«ኮንትሮል»ና «ኬ» አንድ ፓዝ አድርጉት፣ በ«ትራንስፎርም» 45 ድግሪ አዙሩት።
4. አልጋውን ቅርጹ መሃል ላይ አኑሩ። ቅርጹን አባዙና ቅጂውን በ«ሆም» ቁልፍ ከሁሉ በላይ አውጡት። ቅጂው በሚቀጥለው እርምጃ ይጠፋል፣ ለዚህ ነው የሚባዛው።
5. ቅጂውንና አልጋውን መርጣችሁ «ፓዝ»፣ «ከት ፓዝ»። መስመሮቹ ጠርዙ ላይ ይበጠሳሉ።
6. የውጭ ቁራጮችን አስወግዱ። መጀመሪያ በ«ኤስኬፕ» ቁልፍ ምርጫውን ፍቱ፤ ከዚያ «አልት»ን ይዛችሁ በመራጩ ስትጎትቱ ቀይ መስመር ይወጣል፣ የነካውን ሁሉ ይመርጣል። በቅርጹ ዙሪያ አዙራችሁ «ዲሊት»።

የሁለት ቅርጾችን የጋራ ክፍል ብቻ የሚያስቀረውን «ኢንተርሴክሽን»ን እዚህ አትሞክሩ። እሱ የሚሠራው ስፋት ባለው ነገር ላይ ነው፤ ስፋት የሌለው ነጠላ መስመር ይጠፋበታል። የሚቆረጠው ስቲከር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስቲከር ዙሪያው የተዘጋ ቁራጭ ይፈልጋል፤ ከቁጥር 3 በኋላ «ስትሮክ ቱ ፓዝ» አድርጋችሁ መስመሩን ወደ ቀጭን ቁራጭ ቀይሩት፣ ከዚያ «ኢንተርሴክሽን» በትክክል ይሠራል። ስፋቱን ግን ከ1 ሚ.ሜ. አታሳንሱ፣ ሲላጥ ይበጠሳል።

ሁለቱ የመነሻ መስመሮች ቀጥ ያሉ መሆን የለባቸውም። አንዱን የተራራው ጫፍ፣ ሌላውን የግርጌው መስመር አድርጋችሁ «ኢንተርፖሌት» ብታደርጉ መሬቱን እየተከተለ የሚወርድ ሃች ይወጣል። የኖዶቻቸው ቁጥር እኩል ይሁን። መስመሮቹ መሃል ላይ እንደ መቀስ ከተሻገሩ የአንዱ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ አንዱን ብቻ መርጣችሁ «ፓዝ»፣ «ሪቨርስ» አድርጉና ድገሙት። ከዚህ በፊት «ኮንትሮል»ና «ኤስ» መጫን አትርሱ። ብዙ መቶ መስመር ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ ሊቆም፣ መብራትም ሊሄድ ይችላል።

ለምህንድስና ንድፍ

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላሉ የመካኒካልና የሲቪል ተማሪዎች ሃች ጌጥ ሳይሆን ቋንቋ ነው። የተቆረጠው አካል ብቻ ይሞላል፣ በተለምዶ በ45 ድግሪ ቀጭን መስመር። አንድ ክፍል በሁሉም እይታ አንድ ማዕዘንና አንድ ርቀት ይይዛል። የተነካኩ ሁለት ክፍሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ወይም በተለየ ርቀት ይሞላሉ። የክፍሉ ጠርዝ ራሱ 45 ድግሪ ከሆነ ሃቹን 30 ወይም 60 አድርጉት፤ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ሃች ተጨማሪ ጠርዝ ይመስላል። እንደ ጋስኬት (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ያለ በጣም ቀጭን ክፍል ድፍን ጥቁር ይሞላል።

ማተም

ለወረቀት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብዙ ማተሚያ ቤት የሚሠራው በኮረል ድሮው ነው፤ ኢንክስኬፕ የሚያስቀምጠውን የኤስቪጂ ፋይል እዚያ ስትከፍቱ ጥለቱ ከቦታው ሊንሸራተት ወይም መጠኑ ሊለወጥ ይችላል። ፒዲኤፉን ከመስጠታችሁ በፊት በ800 በመቶ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ስንጥቁ ስታጎሉና ስታሳንሱ ቦታውን ከለወጠ የስክሪን ነገር ነው፣ ወረቀት ላይ አይወጣም። አንድ ቦታ ከቆመ ታይሉ ላይ ክፍተት አለ።

ለቲሸርት በስክሪን ፍሬም የሚታተም ከሆነ ሃቹ ፍሬሙ ላይ ከተወጠረው መረብ ክር ጋር ትይዩ አይሁን። መስመሩ ከመረቡ ክር ጋር ሲገጣጠም ሞገድ የመሰለ ጥላ ይፈጠራል። 22.5 ድግሪ ከክሩም ከ45ቱም ስለሚርቅ ጥሩ መነሻ ነው።

በክረምት ደሴ ጉም ሲውልባት ተከፍቶ ያደረ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ወረቀት ላይ ቶነር በደንብ ስለማይይዝ መጀመሪያ የሚቆራረጠው ቀጭኑ ሃች ነው። አዲስ እሽግ አስከፍቱ፣ ወይም በዚያ ሰሞን ውፍረቱን ከ0.25 ወደ 0.35 ከፍ አድርጉ።

ካርታው ጥግ ላይ ልክ 50 ሚ.ሜ. የሆነች መስመር አኑሩ። የመጀመሪያው ቅጂ ሲወጣ በማስመሪያ ለኳት። 48 ወይም 47 ከሆነች ፕሪንተሩ «ፊት ቱ ፔጅ» ላይ ነው ያለው፤ ወደ 100 በመቶ አስመልሱና እንደገና አሳትሙ፣ ከዚያ በኋላ ይባዛ።